«በአሜሪካ ፅንስ ከሚያቋርጡት ግማሾቹ ጥቁሮች ናቸው» ይባላል፤ እኛስ በዚህ ቁጥር ውስጥ አለንበት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የሁለት ሴት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ወር በማኅበራችን ዝክር ላይ አንድ የማከብራቸው አባት «በአሜሪካ ፅንስ ከሚያስወርዱት ግማሽ ያህሎቹ ጥቁሮች ናቸው፤ መውለድ ትተዋል፤ የእኛም ልጆች እዚያው ውስጥ እየተቆጠሩ ነው» ብለው ሲናገሩ ሁላችንም ደነገጥን። ቁጥሩ እውነት ነው? ምክንያቱስ ምንድን ነው? እኛ ኢትዮጵያውያንስ በዚህ ውስጥ አለንበት?

ምላሽ፦ ሥራዬ የልደትና የእናቶች ጤና መረጃ መተንተን ስለሆነ፣ እርስዎ በዝክሩ ላይ የሰሙትን አባባል በተለያየ መልኩ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እኚያ አባት የጠቀሱት ቁጥር ምንጭ አለው፤ ከራሳቸው አላመጡትም። ከቁጥሩ ተነሥተው የደረሱበት «መውለድ ትተዋል» የሚለው መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው፤ በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች በአማካይ ከነጭ ሴቶች የበለጠ ልጅ ይወልዳሉ። ብዙ መውለድና ብዙ ፅንስ ማቋረጥ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ እንዴት አብረው ሊገኙ እንደቻሉ ማወቅ የጥያቄዎን ትልቁን ክፍል ይመልሳል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ የማብራራው እሱን ነው።

አስቀድሜ አንድ የቃል ጉዳይ ላጥራ። በአማርኛ «ውርጃ» ስንል ሳይታሰብ የወረደውንም ሆን ተብሎ የተቋረጠውንም በአንድ ስም እንጠራለን፤ «አስወረዳት» እና «አስወረደች» የሚለያዩት በመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ነው። እዚህ የምንነጋገርባቸው ቁጥሮች የሚመለከቱት ሁለተኛውን ብቻ ስለሆነ «ፅንስ ማቋረጥ» እያልኩ እጽፋለሁ። ቀናቱም ዓመታቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ግማሽ ያህሉ» የሚለው አባባል የተነሣው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በተለምዶ ሲዲሲ የምንለው፣ በየዓመቱ ሲያወጣው ከቆየው ዘገባ ነው። በ2021 መረጃ መሠረት ፅንስ ካቋረጡት ሴቶች 41.5 በመቶ ጥቁሮች፣ 30.2 በመቶ ነጮች፣ 21.8 በመቶ ደግሞ ሂስፓኒኮች (ዝርያቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነ) ነበሩ። ይህ ቁጥር ግን የመላ አሜሪካ አይደለም። አንድ ስቴት ስለ ፅንስ ማቋረጥ ለሲዲሲ መረጃ የሚልከው በፈቃዱ ነው፤ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የለም። በ2021 ካሊፎርኒያ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኒው ሃምፕሻየርና እርስዎ የሚኖሩባት ሜሪላንድ ምንም መረጃ አልላኩም፤ ከላኩትም ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶቹን በዘርና ሂስፓኒክ በመሆን ለይተው አላቀረቡም። ወደ 40 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት፣ ከሕዝቧም አምስት ሁለት እጁ ገደማ ሂስፓኒክ የሆነው ካሊፎርኒያ ከስሌቱ ስትወጣ የሂስፓኒክና የእስያውያን ድርሻ ያንሳል፣ የጥቁሮቹ ድርሻ ደግሞ ከፍ ብሎ ይታያል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስልዎ አንድ ማመሳከሪያ ላቅርብ። በ2014 የሲዲሲ ዘገባ የጥቁሮቹን ድርሻ 36 በመቶ አድርሶት ነበር። በዚያው ዓመት ጉትማቸር የተባለው የምርምር ተቋም በመላ አገሪቱ ካሉ ክሊኒኮች ከ8 ሺህ በላይ ታካሚዎችን በመጠይቅ አነጋግሮ ያገኘው ድርሻ 28 በመቶ ነው፤ ነጮቹ 39 በመቶ፣ ሂስፓኒኮቹ 25 በመቶ ነበሩ። ዓመቱ አንድ ሆኖ ሳለ በሁለቱ ምንጮች መካከል የስምንት ነጥብ ልዩነት አለ። ስለዚህ አንድ ሰው «41 በመቶ» ወይም «ግማሽ ያህሉ» ሲልዎ፣ የትኞቹ ስቴቶች ተቆጥረው ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን ማለቴ ግን ልዩነቱን ለማሳነስ አይደለም። በየትኛውም መለኪያ ቢታይ ልዩነቱ አለ፤ ትልቅም ነው። ከድርሻ ይልቅ እኛ የመረጃ ተንታኞች የምናምነው ምጣኔን ነው፤ ይኸውም ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 44 ከሆነ 1,000 ሴቶች መካከል በዓመት ውስጥ ፅንስ ያቋረጡት ስንት ናቸው የሚለው ነው። በዚሁ በ2021 የሲዲሲ ዘገባ ምጣኔው ለጥቁር ሴቶች 28.6፣ ለሂስፓኒክ 12.3፣ ለነጭ 6.4 ነው። ጥቁር ሴቶች ከነጮቹ በአራት እጥፍ ይበልጣሉ ማለት ነው።

ሰዎችን ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ግን ሌላ መለኪያ ነው። ሲዲሲ የተቋረጡትን ፅንሶች በሕይወት ከተወለዱት ልጆች ጋር እያነጻጸረም ያቀርባል፤ በ2020 ከ1,000 ልደት አንጻር የተቋረጡት ፅንሶች በነጮች 118፣ በጥቁሮች 426 ነበሩ። ይህን የሚያነብ ሰው «ከጥቁሮች እርግዝና 43 በመቶው ይቋረጣል» ብሎ ይናገራል፤ ከዚያ «ግማሽ ያህሉ» ወደሚለው ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። ስሌቱ ግን እንዲህ አይደለም። 426ቱ ከ1,000ው ውስጥ የተቀነሱ ሳይሆኑ በላዩ የተደመሩ ናቸው። ድምሩ 1,426 ነው፤ ከዚያ ውስጥ 426 ማለት 30 በመቶ ያህል ነው። ሰባው በመቶ ተወልዷል።

እንግዲህ ወደ ልደቱ እንምጣ። የልደት መረጃ ከፅንስ ማቋረጥ መረጃ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አስተማማኝ ነው፤ በአሜሪካ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ለማለት ይቻላል የልደት ምስክር ወረቀት ስለሚሞላለት፣ እዚህ ላይ የጎደለ ስቴት የለም። በ2007 በአገሪቱ 4,316,233 ሕፃናት ተወለዱ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ይህን ያህል ተወልዶ አያውቅም። በ2023 ቁጥሩ ወደ 3,596,017 ወርዷል። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚሰላው አማካይ የልጆች ቁጥርም በዚሁ ጊዜ ከ2.1 ወደ 1.6 ገደማ ዝቅ ብሏል። መውረዱ የአንድ ዘር ጉዳይ አይደለም፤ ሁሉም ዘንድ ወርዷል። እንዲያውም ከትላልቆቹ ማኅበረሰቦች መካከል አወራረዱ የበረታው በሂስፓኒኮች ዘንድ ነው፤ በ2007 ወደ 3 ይጠጋ የነበረው አማካያቸው በ2020 ከ2 በታች ሆነ።

በዚያው በ2020 አማካዩ ለሂስፓኒክ ሴቶች 1.9፣ ለጥቁር ሴቶች 1.7፣ ለነጭ ሴቶች 1.55፣ ለእስያውያን ደግሞ 1.4 ገደማ ነበር። እባክዎ እነዚህን ቁጥሮች ከላይ ካየናቸው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ይመልከቷቸው። ነጭ ሴቶች ፅንስ የሚያቋርጡት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፤ የሚወልዱትም ግን ከጥቁሮቹ ያነሰ ነው። «ብዙ ስላቋረጡ መውለድ ቀረ» የሚለው አስተሳሰብ እውነት ቢሆን ኖሮ ቁጥሮቹ የተገላቢጦሽ በሆኑ ነበር።

በጥቁሮች ዘንድ ልደት የቀነሰበትን ቦታ ለማየት የወጣቶቹን መረጃ መመልከት ያስፈልጋል፤ እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ካየኋቸው ለውጦች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። በ1991 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ከሆኑ 1,000 ጥቁር ልጃገረዶች መካከል በዓመት 118 ያህሉ ይወልዱ ነበር፤ በ2022 ወደ 20 ወርዷል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ስድስት እጥፍ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። በዚሁ ዘመን የልጃገረዶች ፅንስ ማቋረጥም አብሮ ወርዷል፤ ስለዚህ ልደቱ የቀነሰው በማቋረጥ ተተክቶ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ እርግዝናው ስለቀነሰ ነው። በሌሎቹ ዕድሜዎችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ጉትማቸር መላ አገሪቱን ይዞ ባሰላው መሠረት ከ2008 እስከ 2014 ባሉት ስድስት ዓመታት የማቋረጥ ምጣኔው በጥቁር ሴቶች ከ40.2 ወደ 27.1፣ በሂስፓኒክ ሴቶች ከ28.7 ወደ 18.1፣ በነጮቹ ከ12 ወደ 10 ወርዷል። አወራረዱ የፈጠነው ምጣኔያቸው ከፍተኛ በነበሩት ዘንድ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ቀደም ሲል ከጠቀስኩት ከሲዲሲው 28.6 ጋር ማስተያየት ግን አይገባም፤ የተሠሩበት መንገድ ይለያያል።

ይህ መውረድ እስከ ዛሬ አልቀጠለም። በ1990 1.6 ሚሊዮን የነበረው የአገሪቱ ጠቅላላ ቁጥር በ2017 ወደ 862,320 ከደረሰ በኋላ እንደገና መውጣት ጀመረ፤ በ2020 930,160፣ በ2023 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በመድኃኒት የሚደረገው ማቋረጥ መስፋፋቱና በስልክና በቪዲዮ የሚሰጥ ሕክምና መምጣቱ የቆጠራውንም ሥራ ለውጦታል።

ወደ ምክንያቱ ስንመጣ፣ ጥቁር ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚያቋርጡትም ከነጮቹ ይልቅ የሚወልዱትም፣ ሳያቅዱት የሚያረግዙት ስለሚበዙ ነው። ይህ በ2011 መረጃ ላይ በተሠራ አገር አቀፍ ጥናት በግልጽ ታይቷል። ከ1,000 ሴቶች መካከል በዓመት ሳይፈልጉት ወይም ጊዜው ሳይሆን ያረገዙት በነጮች 33፣ በሂስፓኒኮች 58፣ በጥቁሮች 79 ነበሩ። ዘርን ትተን በገቢ ስንከፍለው ልዩነቱ ይብሳል፤ ከድህነት ወለል በታች በሚኖሩ ሴቶች 112፣ ገቢያቸው ከወለሉ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ በሆኑት 20። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ዘር በወረቀቱ ላይ የሚታየው ምልክት ሆኖ ከበስተኋላው ያለው በአብዛኛው የኑሮ ደረጃ፣ የጤና ኢንሹራንስና የታሪክ ጉዳይ መሆኑን ነው።

ኢንሹራንሱ እንዴት እንደሚሠራ ላሳይዎ። አንዲት ዝቅተኛ ገቢ ያላት ሴት ስታረግዝ ሜዲኬይድ የተባለውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ታገኛለች፤ በአሜሪካ ከሚወለዱት ሕፃናት 41 በመቶ ያህሉ፣ በጥቁሮች ዘንድ ደግሞ ስድሳ ከመቶ በላይ የሚወለዱት በዚሁ ክፍያ ነው። ለብዙ ዓመታት ግን ያ ሽፋን በብዙ ስቴቶች የሚያበቃው ከወለደች ከ60 ቀን በኋላ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ገና ሕፃኑ ሁለት ወሩ ነው፣ እናቲቱ ወደ ሌሊት ሥራዋ ተመልሳለች፣ ሉፕ ለማስገባት ወይም በክንድ የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ ለማግኘት የያዘችው ቀጠሮ የደረሰው በሦስተኛው ወር ነው፤ ካርዷን ስትሰጥ ግን ኢንሹራንሱ ተቋርጧል። የአሥራ ሁለት ወር ሽፋን ለስቴቶች የተፈቀደው በ2021 በወጣ ሕግ ነው። በ2014ቱ መጠይቅ ፅንስ ካቋረጡት ሴቶች 59 በመቶው አስቀድመው የወለዱ መሆናቸው፣ ግማሽ ያህሉም ከድህነት ወለል በታች መኖራቸው ለእኔ የሚነግረኝ ይህንኑ ነው፤ ብዙዎቹ ልጅ አሳዳጊ እናቶች ናቸው። በሌላ በኩል ከ1976 ጀምሮ የፌዴራል ገንዘብ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ለፅንስ ማቋረጥ እንዳይውል ተከልክሏል፤ ስለዚህ የፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ ስለሚሰጣቸው ነው የሚባለውም ትክክል አይደለም።

ታሪኩንም መዝለል አይቻልም። በ1973 በአላባማ ሞንትጎመሪ የ14 እና የ12 ዓመት ሁለት ጥቁር እኅትማማቾች በመንግሥት ገንዘብ በሚሠራ ክሊኒክ እንዳይወልዱ ተደርገዋል። ማንበብ የማትችለው እናታቸው መርፌ የሚወጉላቸው መስሏት በወረቀቱ ላይ የመስቀል ምልክት አድርጋ ነበር። በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ያደገች ሴት ሐኪም «ለአምስት ዓመት የማያስረግዝ ይኸውልሽ» ሲላት ብትጠራጠር ልንወቅሳት አንችልም። በዚህ ላይ እርግዝናው ራሱ ለጥቁር ሴት የበለጠ አደገኛ ነው፤ በ2023 ከ100,000 ልደት አንጻር የሞቱ እናቶች በነጮች 14.5፣ በጥቁሮች 50.3 ነበሩ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 24 ቀን 2022 በዶብስ ጉዳይ ውሳኔ ከሰጠ በኋላ፣ ማለትም ከ1973 ጀምሮ የነበረው አገር አቀፍ መብት ከተሻረ በኋላ፣ የሆነውን ባጭሩ ልጨምር። ከአሜሪካ ጥቁሮች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በደቡቡ ስለሆነና ክልከላው የጠነከረውም እዚያው ስለሆነ፣ ውጤቱ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በ2025 መጀመሪያ የወጣ ጥናት እንዳሳየው በ14 ክልከላ ባደረጉ ስቴቶች ልደት ከሚጠበቀው 1.7 በመቶ ጨምሯል፤ ወደ 22,000 ተጨማሪ ልደት ማለት ነው። የሕፃናት ሞት ደግሞ ከሚጠበቀው 5.6 በመቶ በለጠ፤ በጥቁር ሕፃናት ዘንድ ጭማሪው 11 በመቶ ገደማ ደርሷል። ስለ ክልከላው ማንም ሰው የየራሱ እምነት ይኖረዋል፤ እኔም በዚህ ላይ ማንንም ለማሳመን አልጽፍም። የሕፃናቱን ሞት ግን በየትኛውም ወገን ያለ ሰው ሊያይልን ይገባል።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ፣ «እኛስ አለንበት?» ወደሚለው ልምጣ። አዎን፣ አለንበት፤ ሆኖም እኛን ለይቶ ማየት የሚቻለው በአንደኛው መረጃ ብቻ ነው። ሆስፒታል ሲወልዱ የሞሉትን ቅጽ ያስታውሱት ይሆናል። ስለ እናት በሚጠይቀው ክፍል ሂስፓኒክ መሆን አለመሆንዎን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ዘር በሚለው ሥር «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚል አንድ ሣጥን አለ። ለአሜሪካ ተወላጅ ሕንዶች ጎሣቸውን የሚጽፉበት፣ ለእስያውያንም አገራቸውን የሚለዩበት ቦታ ሲኖር፣ በጥቁሩ ሣጥን አጠገብ ምንም መጻፊያ የለም። ነገር ግን ያው ቅጽ በሌላ ቦታ እናቲቱ የተወለደችበትን አገር ይጠይቃል። እርስዎ «ኢትዮጵያ» ብለው ጽፈዋል፤ ስለዚህ የእርስዎ ልጆች ልደት ከኢትዮጵያ የመጣች እናት ልደት ተብሎ ሊለይ ይችላል። ስቴቶች ለሲዲሲ የሚያጠናቅሩት የፅንስ ማቋረጥ መረጃ ግን በስም አልባ ቅጽ የሚሞላ ነው፤ ዕድሜንና ዘርን ይዞ ይመጣል፣ የትውልድ አገርን ግን አይለይም። በመሆኑም በዚያ 28.6 ውስጥ ከጎንደር የመጣችው፣ ከሄይቲ የመጣችውና ቅድመ አያቶቿ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በባርነት የመጡባት ሴት በአንድ ላይ አሉ። ማንም ሰው ከዚህ ዘገባ ተነሥቶ «የኢትዮጵያውያን ይህን ያህል ነው» ሊል አይችልም፤ ከፍተኛ ነው ቢልም ዝቅተኛ ነው ቢልም።

መለየቱ ለምን እንደሚጠቅም አንድ የታወቀ ጥናት ያሳያል። በ1997 የታተመው ይህ ጥናት በኢሊኖይ የተወለዱ ሕፃናትን ክብደት አነጻጽሮ፣ የነጮቹ አማካይ 3,446 ግራም፣ ከአፍሪካ የመጡት እናቶች ልጆች 3,333 ግራም፣ አሜሪካ የተወለዱት ጥቁር እናቶች ልጆች 3,089 ግራም ሆኖ አገኘው። ቆዳቸው አንድ፣ በቅጹ ላይ ያለው ሣጥን አንድ፣ የልጆቻቸው ክብደት ግን የተራራቀ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በኋላ ቀጣዩን ትውልድ ሲያዩ፣ እዚህ አገር ተወልደው ያደጉት የስደተኞቹ ሴቶች ልጆች ሲወልዱ ያ ብልጫ ቀንሶ አገኙት። ይህን የምነግርዎ «እኛ ከእነሱ እንለያለን» እንዲሉ ሳይሆን፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆችዎ በሚያድጉበት አገር ያለው የጥቁር እናቶች ሸክም እነሱንም እንደሚመለከታቸው እንዲያውቁት ነው።

ልጆችዎ እዚህ የተወለዱ ከሆነ፣ ነገ ራሳቸው ሲወልዱ በቅጹ ላይ የትውልድ ቦታቸው «ሜሪላንድ»፣ ዘራቸው «ጥቁር» ይሆናል፤ የአያታቸው አገር የትም አይታይም። ይህን የሚለውጥ አንድ ነገር ተጀምሯል። በመጋቢት 2024 የፌዴራል መንግሥቱ የዘር አመዘጋገብ ደንቡን ሲያሻሽል በጥቁር ሥር በዝርዝር ከሚቀርቡት ስድስት ምርጫዎች አንዱ «ኢትዮጵያዊ» እንዲሆን ወስኗል፤ ሌሎቹ አፍሪካ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊና ሶማሊያዊ ናቸው። አዲሱ አሠራር በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ የሚደርሰው በሂደት ነው። እስከዚያው በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ እንደታየው ከሣጥኑ ሥር ባዶ መስመር ያለበት ቅጽ ሲያጋጥማችሁ፣ ብዙዎቻችን ሣጥኑን ብቻ ምልክት አድርገን የምንተወውን ያንን መስመር እርስዎም ልጆችዎም ሙሉበት።